አሥር ሰከንድ ሠርቶ የሚጠፋ ሞተር

(ፍራንክፈርት ውስጥ ለአሮጌ ሞተር ሳይክል ወዳጆች በአማርኛ ያደረግሁት ንግግር። ወደ ጽሑፍ ሳዞረው መደጋገሙን ቀነስኩ፤ ጨዋታው ግን እንዳለ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ። ስትገቡ አጥሩ ጥግ የቆመችውን ሞተር ሳይክል አይታችኋል። ከትናንት ማታ ጀምሮ እዚያው ናት። ዛሬ ጠዋት ሳያት ኮርቻዋ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ነበር። ረስቻት አይደለም፣ ሆን ብዬ ነው ውጭ ያሳደርኳት። ወሬያችን የሚያልቀው እሷ ጋ ስለሆነ ቀዝቅዛ ትጠብቀን።

ስለ እሷ ትንሽ ልበል። ቢኤምደብሊው አር75/5 ናት፤ የ1972 ስሪት። ሁለቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ የወጡ፣ 745 ሲሲ፣ ከፋብሪካ ስትወጣ 50 የፈረስ ጉልበት የነበራት። ሞዴሉ ከ1969 እስከ 1973 ነው የተሠራው። ኩባንያው ሞተር ሳይክል መሥራቱን ከሙኒክ ወደ በርሊን ስፓንዳው ያዞረውም በዚሁ ሞዴል ነው። ቁልፏ ያስቃል፦ ጥርስ የሌለው፣ ሚስማር የሚመስል ዘንግ ነው፤ የፊት መብራቱ ላይ ከላይ ወደ ታች ይሰካል። የሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ የእኔ ቁልፍ የሌላውንም ሰው ይከፍታል። እነዚህን ሞተሮች ከሌባ የሚጠብቃቸው ቁልፉ ሳይሆን በብርድ የማስነሳቱ ጣጣ ነው እያልኩ እቀልዳለሁ።

የገዛኋት ተበታትና ነው። ፍሬሙ አንድ ጥግ፣ ሞተሩ አንድ ጥግ፣ የቀረው በአምስት የሙዝ ካርቶን። የዚህን አገር ሁለት ክረምት ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ ገጣጠምኳት። ፋሻው አዲስ፣ ቫልቮላው አዲስ፣ ጓርኒሲዮኑ ሁሉ አዲስ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዲስ። ካርቡራተሮቹን፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉትን ማለቴ ነው፣ ደግሞ አንድ ወርክሾፕ ወስጄ በመስታወት ብናኝ አስነፋኋቸው፤ እንደ ብር ሳህን አብረቅርቀው መጡልኝ። ይህን የብናኝ ነገር ያዙት፤ እመለስበታለሁ።

ሐምሌ ላይ ተነሳች። በመጀመሪያው እርግጫ! በጋውን ሙሉ ከዚህ እስከ ታውኑስ ተራራ ድረስ ስመላለስባት አንድ ቀን አላስቸገረችኝም። ከዚያ ኅዳር መጣ።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ አወጣኋት። ቾኩን፣ በብርድ ቤንዚን የሚያበዛውን ማንሻ፣ ሳብኩ፤ ረገጥኩ፣ ተነሳች። ደስ ብሎኝ ጓንቴን ላጠልቅ ዞር ስል ጠፋች። አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው። እንደገና ረገጥኩ፤ ዝም። ሃያ ጊዜ ረገጥኩ፣ ጃኬቴን አወለቅኩ፣ መስኮት ከፍተው የሚያዩኝ ጎረቤቶች በዙ፤ እሷ ግን ዝም። ተናድጄ ቤት ገብቼ ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ። በመጀመሪያው እርግጫ ተነሳች። አሥር ሰከንድ ሠራች። ጠፋች።

እንዲህ ሆነን ሦስት ሳምንት ቆየን።

በሦስቱ ሳምንታት ያልፈታሁት የለም። ካንዴላ (ሲሊንደር ውስጥ እሳት የሚረጨውን) ቀየርኩ፣ ፑንቲናውን (እሳቱን በሰዓቱ የሚቆርጠውን) ፈትቼ ገጠምኩ፣ ሁለቱንም ቦቢና (የባትሪውን ቮልት ለእሳቱ ከፍ የሚያደርገውን) ለካሁ፣ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይሰጥ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከፍ ዝቅ አደረግሁ፣ የድብልቅ ብሎኑን እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ስፈልግ ግራ ቀኝ አዞርኩት። እያንዳንዱን ነገር ስነካ "ምኑ ተበላሸ?" እያልኩ ነበር። ጥፋቴ ጥያቄው ላይ ነው። ታድሶ የተገጠመ ሞተር ላይ "ምኑ ተበላሸ?" ብሎ መጠየቅ አያዋጣም፤ ሁሉም አዲስ ስለሆነ ሁሉም ንጹሕ ይመስላል፣ ወይም ሁሉንም የነካኸው አንተ ስለሆንክ ሁሉም ተጠርጣሪ ይሆናል። "መቼ ነው የሚጠፋው?" ብዬ ብጠይቅ ኖሮ በመጀመሪያው ቅዳሜ ባገኘሁት ነበር። ጨርሶ አልነሳ የሚል፣ ተነስቶ የሚጠፋ፣ በአንድ እግሩ የሚያነክስ፣ ሲሞቅ የሚድን፤ እነዚህ ለየብቻ በሽታ ናቸው። ሁሉንም "ብርድ አይወድም" ብሎ በአንድ ስም መጥራት፣ ሐኪም ቤት ሄዶ "አሞኛል" ብቻ ብሎ እንደ መቀመጥ ነው።

ግን ለምን አልጠየቅሁም? እዚህ ጋ ስለ ራሴ ትንሽ ልናዘዝ።

ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ ነው፤ መርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ብዙም ሳይርቅ፣ ልጅ ሆኜ ረዳት ነበርኩ። ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቦቢና፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን እያልን ጣልያንኛ መናገራችንን ሳናውቅ ነው ያደግነው። እዚህ አገር መጀመሪያ ዕቃ ልገዛ ስገባ ባንኮኒው ላይ ቆሜ "ካንዴላ" ብዬ ሰውየው ዓይኑን አፈጠጠብኝ። በኋላ ሳውቅ የእነሱም ስም "የማቀጣጠያ ሻማ" ማለት ነው፤ ካንዴላም በጣልያንኛ ሻማ ነው። ሁለታችንም ሻማ እያልን ነው ያልተግባባነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ወደ ሩብ በሚጠጋ ያንሳል። ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ቀነሰ ማለት ነው። ካርቡራተሩ የተሰፋው ግን በአብዛኛው ለዝቅተኛ አገር ነው። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ያለ ምንም ጥፋት "ቤንዚን ይበዛበታል"። እኛ ጋራዥ የሚመጣ ሞተር ከአሥር ስምንቱ ካንዴላው ርሶ፣ ጥቀርሻ ለብሶ ነበር የሚመጣው። አለቃዬ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ሞተሩ ገና ከበር ሲገባ "ቾኩን አትንካ፣ ካንዴላውን አውጣና አድርቅ" ይለኝ ነበር። ትክክል ነበር። ለአዲስ አበባ።

ፍራንክፈርት 112 ሜትር ላይ ናት። እጄ ግን ከመርካቶ አልወጣም። ሞተሩ ሲጠፋ ያየሁት በዝቶበት ነው። ካንዴላውን ስፈታ ደረቅ ነበር፤ እንደ አዲስ ነጭ፣ የቤንዚን ሽታ እንኳን የሌለው። ደረቁን ካንዴላ በጨርቅ አደረቅሁት! እውነቴን ነው የምላችሁ። እያየሁት አላየሁትም።

እሺ፣ ወደ ብርዱ። ቤንዚን ፈሳሽ ሆኖ አይነድም፤ የሚነደው ተን ሆኖ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ለአንድ ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር ይበቃዋል። ሲቀዘቅዝ ግን ከካርቡራተሩ ከወጣው ቤንዚን ብዙው በቀዝቃዛው ቱቦ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል፤ ቶሎ የሚተነው ቀላሉ ክፍል ብቻ ነው ከአየር ጋር ሲሊንደር የሚገባው። ስለዚህ የሚነድ ተን ለማግኘት ከልክ ያለፈ ቤንዚን ማፍሰስ ግድ ነው። ቾክ ማለት ይኸው ነው።

ደግሞ ቤንዚኑ ራሱ ከወቅቱ ጋር ይለወጣል። ጀርመን ውስጥ ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 የሚሸጠው የበጋ ቤንዚን ነው፤ የተን ግፊቱ ከ45 እስከ 60 ኪሎ ፓስካል። የክረምቱ ከ60 እስከ 90 ይደርሳል፤ በብርድም እንዲተን ተደርጎ የተቀመመ ነው። ነሐሴ ላይ ሰርባቶ ሞልታችሁ ያቆማችኋትን ሞተር ኅዳር ላይ ስትረግጧት፣ የበጋ ቤንዚን ነው የምታቀርቡላት፤ ያውም ቀላሉ ክፍል ሦስት ወር ሙሉ ሲተን የከረመ። ከ2011 ወዲህ ደግሞ እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት መጥቷል፤ ኤታኖል ለመትነን ብዙ ሙቀት ይፈልጋል፣ ውሃም ይስባል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ካርቡራተሮቹ ሥር ያሉትን የቤንዚን ኩባያዎች አፍስሱና ትኩስ ቤንዚን አስገቡ። አምስት ሊትር ነው፤ ከሦስት ሳምንት ይረክሳል። እኔ ያደረግሁት በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። አልዳነችም፤ ግን አንድ ተጠርጣሪ ቀነሰ።

አሁን ዋናው። በዚህች ሞተር ላይ ያሉት 32 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት የቢንግ ካርቡራተሮች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ። የዚያን ጊዜ ታናናሽ እህቶቿ፣ አር50/5 እና አር60/5፣ ሌላ ዓይነት ነበራቸው፤ በጣት ጫን እያሉ ኩባያውን በቤንዚን ማጥለቅለቅ ነበር የእነሱ ቾክ። የእሷ ግን ብዙ ሰው ቾክ ሲባል የሚያስበው የአየር መዝጊያ ክዳን የላትም። በካርቡራተሩ ጎን ላይ በራሷ የምትሠራ ሌላ ሚጢጢ ካርቡራተር አለች ብላችሁ አስቡ። የቾኩን ማንሻ ስትስቡ ውስጥ ያለች ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነች ሳህን ትዞራለች፤ መንገድ ይከፈታል፤ ሞተሩ ሲስብ ተጨማሪ ቤንዚንና አየር በዚያ መንገድ ይገባል።

"ሞተሩ ሲስብ" የምትለዋን ያዙልኝ። ይህ ቾክ የሚሠራው የነዳጅ መስጫው፣ በቀኝ እጅ የሚጠመዘዘው እጀታ፣ ተዘግቶ፣ ከኋላው የመሳብ ኃይል ሲኖር ብቻ ነው። ነዳጅ ሰጥታችሁ ስትረግጡ መሳቡ ይላላል፣ ቾኩ ሥራ ያቆማል። ስንቶቻችሁ ናችሁ ስትረግጡ እጃችሁ አብሮ የሚጠመዝዝ? እጃችሁን አውርዱ፣ እኔም ነኝ። ከመነሳቷ በፊት ነዳጅ መስጫውን እፍት እፍት ማድረግም ዋጋ የለውም፤ ይህ ካርቡራተር በጠመዘዛችሁ ቁጥር ቤንዚን የሚረጭ ፓምፕ የለውም። እጃችሁን ታደክማላችሁ እንጂ ጠብታ አይገባም። የዚህች ሞተር የብርድ ችግር ነው ብለው ከሚያመጡልኝ ሰዎች መሐል ግማሹን "ነዳጅ መስጫውን አትንካ" ብዬ ብቻ ነው የምሸኛቸው። ገንዘብ አልቀበልም፤ ቡና ግን እቀበላለሁ።

ቡና ካልኩ፣ በሽታውን ያገኘችው ቡና ናት።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ባለቤቴ ቡና አፍልታ እንግዳ መጥቶ ነበር። እኔ አልተቀመጥኩም፤ በየመሐሉ እየወጣሁ እረግጣለሁ። አቦሉን ጠጥቼ ወጣሁ፤ ተነሳች፣ አሥር ሰከንድ፣ ጠፋች። ወዲያው ረገጥኩ፤ ምንም። አንድ ደቂቃ ጠብቄ ረገጥኩ፤ ሁለት ሦስቴ ፑፍ ፑፍ ብላ ተወችው። ገባሁ። ቶናውን ጠጥቼ ወጣሁ፤ አሥር ሰከንድ። ከዚያ ወሬው ጣመኝና እስከ በረካ ድረስ፣ ሰዓት ሙሉ ቆየሁ። አሁንማ በደንብ ትነሳለች ብዬ ወጣሁ። አሥር ሰከንድ!

በረንዳው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ትንሽ ስጠብቅ ትንሽ ትሠራለች፤ ብዙ ስጠብቅ ግን ከአሥር ሰከንድ አታልፍም። ይህ የኤሌክትሪክ ጠባይ አይደለም። ይህ የዕቃ ጠባይ ነው። የሆነ ቦታ አንድ ትንሽ ዕቃ አለ፤ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ከሞላ በኋላ አይጨምርም፣ ስረግጥ በአሥር ሰከንድ ተጠጥቶ ያልቃል።

ያ ዕቃ ያለው ኩባያው ውስጥ ነው። የቢንግ ካርቡራተር የታችኛው ኩባያ በአንድ የሽቦ ማቀፊያ ነው የተያዘው፤ መፍቻ አይፈልግም፣ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ይወርዳል። አወረድኩት። ኩባያው ውስጥ ተንሳፋፊው የሚቀመጥበት ሰፊው ክፍል አለ። ጥግ ላይ ደግሞ እንደ ጠባብ ጉድጓድ የሆነች ሌላ ክፍል አለች፤ የቾኩ ቀጭን ቱቦ የሚጠጣው ከእሷ ነው። ሰፊውን ክፍልና ጉድጓዷን የሚያገናኛቸው ከታች ያለች አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ናት። የሠሩት ሰዎች ብልሃት ነው፦ ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ጉድጓዷ ጢም ብላ ትሞላለች፤ ስትረግጡ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠጣል፣ ድብልቁ በጣም ይወፍራል፣ ሞተሩ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ቾኩ የሚያገኘው በቀዳዳዋ በኩል የሚንቆረቆረውን ብቻ ነው፤ ድብልቁ በራሱ ይቀጥናል።

ቀዳዳዋ ጠባ ከሆነስ? የመጀመሪያው ጉርሻ አለ፤ የሚቀጥለው የለም።

ኩባያውን ወደ ወጥ ቤት ይዤ ገባሁ። እንግዶቹ አሁንም አሉ፤ ቤንዚን ቤንዚን እሸታለሁ፤ የባለቤቴን ዓይን አላየሁም። አምፖሉ ሥር ይዤ በቀዳዳዋ አሻግሬ ለማየት ሞከርኩ። ብርሃን የለም። ጋራዥ ተመልሼ ሰፊውን ክፍል በቤንዚን ሞላሁትና ጉድጓዷን እያየሁ ቆጠርኩ። ጤነኛ ብትሆን ሁለቱ ወዲያው ይስተካከሉ ነበር። እኔ ግን ሰላሳ ቆጥሬ ከታች ገና ማርጠቡ ነው። የቀኙም እንዲሁ፤ ትንሽ ይሻላል።

ከመብራት ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር መዘዝኩ። የብረት ሽቦ ወይም ትንሽ መሰርሰሪያ እንዳታስገቡ፤ ቀዳዳዋ መለኪያ ናት፣ ከሰፋች ሌላ በሽታ ትጀምራላችሁ። ክሩን አስገብቼ አሸት አሸት አደረግሁ፣ የካርቡራተር ማጠቢያ ነፋሁበት። ጣቴ ላይ የወጣው ቡናማ ነገር ነበር፤ አሮጌ ቤንዚን ደርቆ የሚሆነው ሙጫ። በጥፍሬ ስፈጨው ጣቴ ላይ እንደ አሸዋ ቆረቆረኝ። ወደ አምፖሉ አዞርኩት፤ አብለጨለጨ።

የመስታወት ብናኝ ነው። ካርቡራተሬን እንደ ብር ሳህን ያሳመረልኝ ያው ብናኝ፣ አሮጌው ሙጫ ላይ ተጣብቆ፣ የአሥር ሰከንዷን ቀዳዳ ደፍኗታል። ሙሉ በሙሉ ቢደፍናት ኖሮ እኮ መጀመሪያውኑ አትነሳም ነበር፤ እኔም ቶሎ አገኘው ነበር። በጋውን ያልተቸገርኩት በ25 ዲግሪ ቾክ ስለማትፈልግ ነው። ሰውየውን አልወቅስም፤ ከመስጠቴ በፊት ጂግለሮቹን (ቤንዚኑን የሚመጥኑትን ባለ ቀዳዳ ብሎኖች) ነቅዬ ቀዳዳዎቹን መድፈን፣ ስቀበለውም እያንዳንዱን መንገድ በአየር መንፋት የእኔ ሥራ ነበር። ውበት ፈልጌ ነው ያበላሸሁት። ካርቡራተር ያምር ዘንድ አይነፋም፤ በሙቅ የአልትራሳውንድ ገንዳ ማጠብ ይሻላል። ግራጫ ሆኖ ቢቀር ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋል?

ሌሎቹን መንገዶች በፍጥነት ልለፍባቸው፤ የእናንተ ሞተር በሽታ የእኔ ላይሆን ይችላል።

ሞተሪኖው (የኤሌክትሪክ ማስነሻው) እያዞራት ጨርሶ የማትነሳ፣ በእግር ስትረገጥ ግን የምትነሳ ከሆነች ካርቡራተሩን ተዉት። የባትሪ ነገር ነው። ሞተሪኖው ብርድ ላይ ወፍራሙን ዘይት ሲገፋ ባትሪውን ይጠጣዋል፤ ለቦቢናዎቹ የሚተርፈው ቮልት ያንሳል፣ እሳቱ ይደክማል። በዚህች ሞተር ላይ ሁለት ባለ 6 ቮልት ቦቢናዎች በተከታታይ ነው የታሰሩት፤ ከባትሪው ሲጎድል ሁለቱም ላይ ይጎድላል። ባትሪው ላይ መለኪያ አድርጋችሁ ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ጀምሩ ከዚያ። ደግሞ እደሳ የሚያመጣው በሽታ አለ፦ ቀለም። የባትሪው ማሳ ገመድ (ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘው) የሚታሰረው ከማርሽ ሳጥኑ ላይ ነው፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ገመድ በሚይዘው ብሎን። ሳጥኑን አሳምራችሁ ከቀባችሁት ማሳው ቀለም ላይ ነው ያረፈው። ያን አንድ ሳንቲም የምታህል ቦታ እስከ ብረቱ ፋቁት።

ፑንቲናውን ለማየት የፊት ክዳኑን ስትከፍቱ፣ አደራ፣ መጀመሪያ የባትሪውን ማሳ ፍቱ። ክዳኑ ሥር ያለው የዲዮድ ሳህን በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ኃይል አለበት፤ ክዳኑ ዘመም ብሎ ከነካው ዲዮዱን ትሸኙታላችሁ። የፑንቲናው ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው። አዲስ ፑንቲና ላይ ካሙን የሚነካው ተረከዝ በመጀመሪያዎቹ መቶ ኪሎ ሜትሮች ቶሎ ይበላል፤ ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱም ይዘገያል። በሐምሌ አስተካክዬዋለሁ ብሎ በኅዳር መተማመን የለም። ቅባት ጠብ አድርጉበት።

ቫልቮላም እንዲሁ ነው። አዲስ ቫልቮላና ቴስታታ (የሲሊንደሩ ራስ) መቀመጫው ላይ እየተኛ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል። ለዚህች ሞተር መግቢያው 0.15፣ መውጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ። ክፍተቱ ካለቀ ቫልቮላው ጥብቅ ብሎ አይዘጋም፣ ግፊቱ ያመልጣል፤ ብርድ ላይ ደካማ ግፊት ጤዛ የሆነውን ቤንዚን አያቀጣጥልም። መጀመሪያ የቴስታታውን ብሎኖች በልካቸው አጥብቁ፣ ከዚያ ቫልቮላውን ለኩ። ቅደም ተከተሉን ካዞራችሁት የለካችሁት ሁሉ ከንቱ ነው።

በአንድ ሲሊንደር የምታነክስ ከሆነች የእኛ ሞተር ዕድለኛ ናት፤ ሁለቱ የጭስ ማውጫ ቱቦዎች ግራና ቀኝ ተለያይተው ነው የቆሙት። በተነሳች በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ በጣታችሁ ጫፍ ውሃ አርሳችሁ ቱቦዎቹ ላይ ጠብ አድርጉ። ጭስስ ያለው ይሠራል፣ ዝም ያለው ሞቷል። የካንዴላ ቆብ እየነቀሉ መፈተን የድሮ ልማዳችን ነው፤ ተዉት፣ እሳቱ መውጫ ሲያጣ ቦቢናውን ይበላዋል። የሞተውን ጎን ካወቃችሁ በኋላ ቆቡን ለኩ፣ ከዚያ አየር ወደሚገባበት ሂዱ። በዚህች ሞተር የካርቡራተሩን ላስቲክ የሚይዘው ክብ አንገት ቴስታታው ላይ በጥርስ ተሽከርክሮ ነው የሚገባው፤ በጊዜ ብዛት ይላላል። ላስቲኩ አዲስ ቢሆንም አንገቱ ከላላ አየር ሾልኮ ይገባል። ሚኒሞ ላይ እያለች በመርጫ ጠርሙስ ውሃ እፍ አድርጉበት፤ ድምፁ ከተለወጠ አገኛችሁት።

አንድ ነገር ረሳሁ። ቾኩን ፈትታችሁ ያጠባችሁ ሰዎች፦ የግራውና የቀኙ ሳህን አንድ አይደሉም፤ ቀዳዳዎቻቸው እንደ መስታወት ምስል ተገላቢጦሽ ናቸው። ከተቀያየሩ ማንሻውን ስትስቡ መንገዱ በትክክል አይከፈትም። ሁለቱን ካርቡራተር በአንድ ጊዜ አትበትኑ። አንዱን ጨርሳችሁ፣ ገጥማችሁ፣ ከዚያ ሌላውን።

ጥያቄ ጊዜ ላይ አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ፣ "ጋሼ፣ ታዲያ አዲስ አበባ ብትወስዳት ቾኩ ያስፈልጋታል?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ታኅሣሥ ላይ ንጋት ከሆነ አዎ፣ ብርዱ ብርድ ነው፤ ግን ለአጭር ጊዜ። ከፍታው ራሱ ግማሽ ቾክ ነው። እዚህ አንድ ደቂቃ የምትይዙትን እዚያ ቶሎ መልሱት፤ ካልመለሳችሁ ካንዴላው ይርሳል፣ አለቃዬም ትክክል ይሆናል። ቋሚ እዚያ የምትኖር ከሆነ ደግሞ ጂግለሩን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ይታሰብበት። ሌላ አንድ ወንድም ደግሞ የእሱ ጃፓን ስሪት መሆኑን ነገረኝ፤ ለእሱም ያልኩት ያንኑ ነው፦ መቼ እንደሚጠፋ ሰዓት ይዘህ ጻፍ፣ ከዚያ ደውልልኝ።

በሉ፣ እንውጣ። ካፖርታችሁን ልበሱ። ማስነሻው ፔዳል በግራ በኩል ነው፤ እንደ ሌሎቹ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ኮርቻው ላይ አትቀመጡ፣ ከጎኗ ቁሙ። የቤንዚን መክፈቻዎቹ ሁለት ናቸው፣ ግራና ቀኝ፤ ሁለቱንም ክፈቱ። ቾኩን ሙሉ በሙሉ። ቁልፉ ሳይገባ ሁለት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ርገጡ፣ ከዚያ ሚስማሩን ሰኩት። ቅድም የጠየቀኝ ልጅ አንተ ና፣ አንተ ትረግጣታለህ። ቀኝ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። አዎ፣ ኪስህ ውስጥ! ነዳጅ መስጫውን እንዳትነካው።